ከንቲባውን ቀድሞ የሚደርስ ግሳት

ፒካፓቸው ብቅ ባለ ቁጥር በየበረንዳው የተቀመጠው ሰው ብድግ ማለቱ እጅግ የጣማቸው አቶ ታፈረ የሚባሉ ከንቲባ ነበሩ። አንድ ቀን ምላሱ ስል የሆነ መካኒክ ዘንድ ሄዱና፣ «ሰው ከሩቅ ሰምቶ፣ ተሰናድቶ እንዲያከብረኝ ሞተሩ እንዲያገሳ አድርግልኝ» አሉት።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ከመኪናው ጋር የመጣውን የአየር ማስገቢያ ፈታ፤ በምትኩ ሰፊ ቱቦ ከነማጣሪያው ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ከወንዝ ማዶ ይሰማ ጀመር።

በሳምንቱ ከንቲባው ተናደው፣ መኪናውን ትተው በእግራቸው መጡ። ጋራዡ ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች ድንገት ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ።

«አየህ» አሉት መካኒኩን፣ «በእግሬ ስመጣ ይነሱልኛል። አንተ በነካካኸው መኪና ስሄድ ግን የሚጠብቀኝ ባዶ በርጩማ ነው። ጥፋቱ ያንተ ነው የኔ? ያንተ ከሆነ ጋራዡ ዛሬውኑ ይታሸጋል። የኔ ነው ካልክ ደግሞ ከንቲባ ሰድበሃልና ትታሰራለህ።»

የመካኒኩ ልጆች የሚበሉት ከዚያች ጋራዥ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «የማናችንም ጥፋት አይደለም፣ ክቡር ከንቲባ» አለ። «ሰዉ ድሮም ብድግ የሚለው ሊሸሽዎት ነበር። መኪናዎ ድምፅ ስላልነበረው፣ እግሩን ሳያነሳ ይደርሱበት ነበር።»

የአቶ ታፈረ ፊት ጠቆረ። «ሲሰድበኝ ሰምታችኋል፤ መስክሩ» ብለው ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

ደጃፉ ላይ በርጩማዎቹ ብቻ ቀርተዋል።