ባሕር የማይታይበት መርከብ

ቅረቡ፣ ቦታ ያዙ፣ የአንዲት ሴትዮ ነገር ልንገራችሁ። የፈለገችው ትልቅ ነገር አልነበረም። ባሏን ባሕር ልታሳየው ነው የፈለገችው፤ ያውም መርከብ ላይ አውጥታ።

እልፍነሽ ትባላለች። አዳማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ባሏ ተድላ የድሮ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነው። ከምጽዋ ከወጣ ሠላሳ ከምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየም፤ ባሕርን ሳያነሳ የዋለበት ቀን ግን የለም። ዝናብ ሲዘንብ ባሕር፣ ሾርባው ጨው ሲበዛበት ባሕር፣ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ «ባሕር ያላየ ሰው ምን ያውቃል!» ነው። እውነትም እልፍነሽ ባሕር አይታ አታውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እግሩ ሰነፈ፤ ምላሱ አልሰነፈም።

ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሰብለ ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ከዱባይ የሚነሳ የአራት ቀን የመርከብ ሽርሽር ገዛችላቸውና ጠራቻቸው። እሷ ፈቃድ ስላላገኘች አብራቸው አትሄድም፤ ግን በስልክ መከረች፦ «ሹራብ ያዙ፣ ነፋሱ ይበርዳል። የማቅለሽለሽ ክኒን አትርሱ። ደሴት ላይ ከወረዳችሁ ሰዓት ጠብቁ፣ መርከብ ማንንም አይጠብቅም።» ሁሉም ልክ ነበር። እልፍነሽ በደብተር ጻፈችው። የሚያስፈልገው ምክር ብቻ ቀረ፦ የሚያስፈልጋችሁን ዕቃ ከእጃችሁ አትልቀቁ የሚለው።

ወደቡ ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ከበቧቸው። ሻንጣውን ተቀበሏቸው። ተድላን በወደቡ ዊልቸር ላይ አዘዋወሩትና የራሱን ዊልቸር አጣጥፈው፣ መለያ ወረቀት ለጥፈውበት፣ ከሻንጣው ጋር ወሰዱት። «ክፍላችሁ በር ድረስ ይመጣላችኋል» አሉ። ተድላን ሁለተኛው ደርብ ላይ ወዳለው ክፍል ገፉት፣ አልጋው ላይ አስቀመጡት፣ የወደቡን ዊልቸር ይዘው ወደ ሌላ መንገደኛ ሄዱ። የአደጋ ጊዜ ልምምድ ሲጠራ እልፍነሽ ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። ወደ ማምሻው ሻንጣው መጣ። ዊልቸሩ አልመጣም።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሰብለ የገዛችው የውስጥ ክፍል ነው፤ የውስጥ ክፍል ማለት ከአራቱም በኩል ግድግዳ ማለት እንደሆነ ለእሷም የነገራት የለም። ከአልጋው ትይዩ በመስታወት የተለበጠ የባሕር ሥዕል ተሰቅሏል። ተድላ አየውና ፊቱን አዞረ።

«ሞተሩ ጀርባዬ ሥር ይሰማኛል፤ እየሄድን ነው» አለ። «ይኼን ሥዕል ለማየት ነው የመጣሁት? ሰገነቱ ላይ አውጪኝ።»

«እሺ። ሁለት ሠራተኛ ልጥራና ደግፈው...»

«እንደ ጆንያ አልሸከምም! በዊልቸሬ ካልሆነ ከዚህ አልጋ አልነሳም።»

እንግዲህ ዊልቸሩ ካልመጣ ተድላ አይነሳም፤ ተድላ ካልተነሳ ባሕሩ አይታይም።

እልፍነሽ ጫማዋን አጥልቃ ዊልቸር ፍለጋ ወጣች። ጠያይቃ ከታች የዕቃ ክፍሉ ጋ ደረሰች። ሽቦ በር አለው፤ ከሽቦው ወዲያ ራጄሽ የሚባል ጠባቂ ተቀምጧል፤ ከራጄሽ ጀርባ የተድላ ዊልቸር ታጥፎ ቆሟል።

«ያውና! የኛ ነው!» አለች።

«አየዋለሁ ማዳም» አለ ራጄሽ። «ግን መለያው ወድቋል። የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ከእንግዳ መቀበያው ወረቀት አጽፈው ያምጡ።»

«ወንበሩ ላይ የደረብኩትን ጨርቅ እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

«ቆንጆ ጨርቅ ነው ማዳም። ወረቀት ያምጡ።»

ወረቀቱ ካልተጻፈ ራጄሽ አይከፍትም፤ ራጄሽ ካልከፈተ ዊልቸሩ አይመጣም፤ ዊልቸሩ ካልመጣ ተድላ አይነሳም፤ ተድላ ካልተነሳ ባሕሩ አይታይም።

ወደ ሦስተኛው ደርብ ወጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ፎጣ ያገለደመውም፣ ቁምጣ የለበሰውም፣ አይስክሬም የያዘውም ተሰልፏል። ተራዋ ሲደርስ ማሪሴል የምትባል ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ተቀበለቻት፣ ኮምፒዩተሯን ነካካች፣ ፈገግታዋን ሳትቀንስ ራሷን ነቀነቀች።

«የባለቤትዎ ካርድ ቀይ ነው። ቀይ ለሆነ ካርድ ምንም መጻፍ አልችልም፤ ማሽኑ አይቀበለኝም።»

«ለምን ቀይ ሆነ?»

«የአደጋ ጊዜ ልምምዱ ላይ አልተገኙም። መርከብ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ መገኘት አለበት። አምስተኛው ደርብ ላይ መኮንኑ ሲመዘግባቸው አረንጓዴ ይሆናል።»

«እሺ ልጄ፣ ለጊዜው የመርከቡን ዊልቸር አውሱኝ።»

«እሱ ከአንድ ወር በፊት መጠየቅ ነበረበት። አልተነገራችሁም?»

አልተነገራቸውም። ካርዱ ካልለመለመ ማሪሴል አትጽፍም፤ ማሪሴል ካልጻፈች ራጄሽ አይከፍትም፤ ራጄሽ ካልከፈተ ዊልቸሩ አይመጣም፤ ዊልቸሩ ካልመጣ ተድላ አይነሳም፤ ተድላ ካልተነሳ ባሕሩ አይታይም።

አምስተኛው ደርብ ላይ መኮንኑ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ እጁ ላይ ስልክ የመሰለች መሣሪያ ይዞ ቆሟል። ስሟን አየ።

«እርስዎ ተገኝተዋል። እሳቸው የሉም።»

«ባሌ በሽተኛ ነው፣ ጌታዬ። ይመዝግቡልኝ።»

«ያላየሁትን ሰው አልመዘግብም። በአካል መቅረብ አለባቸው። የቀሩትን ሰዎች በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዚሁ እቀበላለሁ።»

ተድላ ካልቀረበ መኮንኑ አይመዘግብም፤ መኮንኑ ካልመዘገበ ካርዱ አይለመልምም፤ ካርዱ ካልለመለመ ማሪሴል አትጽፍም፤ ማሪሴል ካልጻፈች ራጄሽ አይከፍትም፤ ራጄሽ ካልከፈተ ዊልቸሩ አይመጣም። እልፍነሽ ይኼን ሁሉ ተሸክማ ወደ ሁለተኛው ደርብ ወረደችና ለባሏ ነገረችው። ተድላ ከአዳማ ከወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ልክ ነው ያለው ሰውየው! በኛም መርከብ እንዲሁ ነበር። ያልተቆጠረ ሰው መርከብ ላይ የለም ማለት ነው።»

«ደግ። እንግዲያው ተነሳና ተቆጠር።»

«በምን ልነሳ?»

ዊልቸሩ ካልመጣ ተድላ አይነሳም፤ ተድላ ካልተነሳ አይቀርብም፤ ተድላ ካልቀረበ መኮንኑ አይመዘግብም። ሰንሰለቱ ዞሮ ራሱን ነከሰ፤ እልፍነሽ መሐሉ ላይ ቀረች።

በሁለተኛው ቀን እንደገና ዞረች። ራጄሽን ለመነች፣ ወረቀት አለ። ማሪሴልን ለመነች፣ ካርዱ አለች። መኮንኑን ለመነች፣ በአካል አለ። ባሏን ለመነች፣ ዊልቸር አለ። በዚህ መሐል ሰባተኛው ደርብ ላይ ካለው መመገቢያ ቁርስ ታመላልሳለች፣ ምሳ ታመላልሳለች፣ ራት ታመላልሳለች፤ ሥጋው ቀዘቀዘ፣ ሻዩ ቀጠነ እየተባለች። መርከቡ አንድ ደሴት ጋ ቆመ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ወረደ፣ እየሳቀ ተመለሰ። እሷ መተላለፊያው ላይ ሳህን ይዛ ግድግዳ ተጠግታ አሳለፈቻቸው።

ሰብለ ደወለች። «እማዬ፣ አባዬ ባሕሩን ሲያይ አለቀሰ?»

እልፍነሽ ባሏን አየችው። ተድላ ወደ ኮርኒሱ አፍጥጧል። ሰባት ዓመት የሰው ወለል ወልውላ የላከቻቸው ልጅ ናት የምትጠይቀው።

«እንዴት ያለ ባሕር መሰለሽ፣ ልጄ» አለች። ስልኩን ዘጋች። ውሸቱ አፏ ውስጥ መረራት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ አምጥታለት ሳህኑን ለመመለስ ደረጃውን ስትወጣ መሐል ላይ ደከማት። የብረት መደገፊያውን ይዛ ቁጭ አለች። ሰዎች «ይቅርታ» እያሉ በጎን አለፏት። እዚያ ተቀምጣ ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰበችው፤ ሁሉም እንቢ ብሏል። ራጄሽ እንቢ ብሏል፣ ማሪሴል እንቢ ብላለች፣ መኮንኑ እንቢ ብሏል፣ ተድላ እንቢ ብሏል። እንቢ ያላለች አንዲት ሰው አለች።

ክፍሏ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች።

ቀትር ሆነ። ተድላ ሳል ሳል አለ። «ምሳ አልደረሰም?»

«ደርሷል።»

«ታዲያስ?»

«ምሳው ሰባተኛው ደርብ ላይ ነው። ባሕሩም ከሱ በላይ ነው። እኔ እዚህ ነኝ።»

«እልፍነሽ፣ ምን ሆነሻል?»

«ደከመኝ። እኔም አልነሳም።»

እልፍነሽ ካልተነሳች ሳህኑ አይመጣም፤ ሳህኑ ካልመጣ ተድላ አይበላም። ይኼ ቀለበት ከሁሉም አጠረ። ተድላ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ባሕር ያላየ ሰው አለ፣ የሠላሳ ዓመት ነገር አነሳ። እልፍነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይቶ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ ሲል ሰማች።

ዘወር ስትል ባሏ መሬት ላይ ነው። ኮቱን ለብሷል፤ በአንድ እጁ እንዴት እንደለበሰው እግዜር ይወቅ። ብድግ አለች።

«አትንኪኝ!» አለ። «በሩን ብቻ ክፈቺ።»

ከፈተችለት። ተድላ በቀኝ ክርኑና በቀኝ ጉልበቱ እየተሳበ ወጣ። ምንጣፉ ሰማያዊ ነበር፣ መተላለፊያው ረጅም። ፎጣ የተሸከሙ ባልና ሚስት ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። አንዲት ሴትዮ ስልኳን አነሳች፤ እልፍነሽ በአስተማሪ ዓይኗ አየቻት፤ ስልኩ ወረደ። እልፍነሽ ከኋላ ትሄዳለች፤ አትነካውም። ቅድም የተናገረችውን ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን ወዴት ትመልሰዋለች? አሳንሰሩ ውስጥ ተድላ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ላቡን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

አምስተኛው ደርብ ላይ መኮንኑ ቀና ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ተድላ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የድሮ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ተናገረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

መኮንኑ ደነገጠ፣ መሣሪያዋን ነካ። ጢጥ አለች።

«ተመዝግበዋል» አለ።

ጢጥ። ሦስት ቀን ሙሉ የተጠበቀው ይኼ ነበር። የመኮንኑ ፊት ቀልቷል። «ማዳም፣ እንደዚህ መሆናቸውን ለምን አልነገሩኝም? ክፍላችን ድረስ ይምጡልን ቢሉኝ እመጣ ነበር እኮ።»

«በአካል ይቅረብ ብለውኝ?»

«በአካል እንዲታዩኝ ነው። ማን ወደ ማን እንደሚሄድ አላልኩም።»

እልፍነሽ አራት ሰው ለምናለች፣ አሥር ጊዜ ወጥታ አሥር ጊዜ ወርዳለች፤ ይቺን አንዲት ጥያቄ ግን አልጠየቀችም፤ ጠይቂ ያላትም የለም።

ከዚያማ ምን ቀረ? ተድላ ቀረበ፤ መኮንኑ መዘገበ፤ ካርዱ ለመለመ፤ ማሪሴል ጻፈች፤ ራጄሽ ከፈተ፤ ዊልቸሩ መጣ፤ ተድላ ተቀመጠ። እልፍነሽ እየገፋች አሥረኛው ደርብ ላይ አወጣችው።

ሰገነቱ ላይ ሙዚቃ ይጮሃል፤ ሰው መዋኛ ገንዳውን ከቦ ይንጫጫል። መርከቡ ዞሮ ወደ ዱባይ መመለስ ጀምሯል። እልፍነሽ ሰው ወደሌለበት ጫፍ ገፋችውና ከብረቱ አጥር ፊት አቆመችው። ባሕሩም ታየ።

ተድላ አየ። ነፋሱ ኮቱን አርገበገበው። ጉልበቱ ላይ ሱሪው ተቀዷል፣ ክርኑ ደምቷል። ብዙም አልቆየም።

«ይኼ አይደለም» አለ።

«ምኑ?»

«የኔ ባሕር አይደለም። ውሃ ነው። ምጽዋ ላይ እኮ ከጓዶቼ ጋር የምንጠራራው በስም ነበር፤ ስንቱ ልጅ እዚያው...» አልጨረሰውም። አንገቱን ደፋ። «መሬት ለመሬት ስሳብ ያየኝ ሰው ሁሉ እዚህ ነው። መልሺኝ።»

እልፍነሽ የዊልቸሩን እጀታ ያዘች። ልማድ ነውና ልታዞረው ጀመረች። በዚያች ቅጽበት ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳህንና ልመና ይዛ በመስኮቶች አጠገብ ሮጣለች፤ አንድም ጊዜ ቀና ብላ ወደ ውጭ አላየችም። አሁን አየችው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ማለቂያ የሌለው፣ ማንንም የማይጠይቅ፣ ከማንም ወረቀት የማይፈልግ ነገር ተዘርግቷል።

ፍሬኑን ረገጠች። ዊልቸሩ ቀጥ አለ።

«እልፍነሽ፣ መልሺኝ አልኩሽ!»

«ቆይ» አለች። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

ሄዳ የብረቱን አጥር በሁለት እጇ ያዘች። ነፋሱ ነጠላዋን ወደ ኋላ ወሰደው፤ አልያዘችውም። ከኋላዋ ባሏ አንድ ጊዜ ጠራት፣ ሁለት ጊዜ ጠራት። ድምፁ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቁጣው ወጥቶለት ነበር፤ ስሟን ብቻ ነው የጠራው። እልፍነሽ ሰማችው። ግን ገና እያየች ነበር።