የጭላዳዋ ስእለት

ተረት ልንገራችሁ፣ እናንተም «እሺ» በሉኝ።

አንዲት ጭላዳ ዝንጀሮ በጳጉሜ፣ «ፈጣሪዬ፣ ለእንቁጣጣሽ ካደረስከኝ ከገደሉ አናት አደይ አበባ ቀጥፌ ምስጋናህን አደርሳለሁ» ብላ ተሳለች።

ጎረቤቷ ሽኮኮ ሰምታ፣ «አምናም ብለሽ ነበር! ይሄን በእግሩ መሄድ ያልጀመረ ልጅሽን አዝለሽ የት ልትደርሺ?» ብላ ሳቀችባት።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ጭላዳዋ ልጇን አዝላ ገደሉን ወጣች። አናቱ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ደከማትና ቁጭ አለች። ይሄኔ ልጁ ከጀርባዋ ወረደ። እየተንገዳገደ ብቻውን አናቱ ላይ ወጣና አበባውን ቀጥፎ ጎረሰው።

ባዶ እጇን ስትመለስ ሽኮኮ፣ «ታዲያ አበባሽ የታል?» አለቻት።

ጭላዳዋም የልጇን ቢጫ አፍ ላገኘችው ሁሉ እያሳየች፣ «ልጄ በላው! በገዛ እግሩ ወጥቶ!» አለች።

ተረቴ እዚህ አለቀ፤ የእናንተንም ልጆች በእግራቸው ያቁምላችሁ፣ አሜን።