ሚኒስትሩና አጎዛው

ሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ክረምት ከበጋ በረዶ በማይለየው አገር፣ አጋዘን እያረቡ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከግጦሻቸው ሥር ብረት አለ ተባለና አንድ ቀን የማዕድን ሚኒስትሩ በሄሊኮፕተር ከች አሉ። ሰዉ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። አንዲት ምላሰኛ ባልቴትም እንደ አገሩ ወግ የድንኳኑ ወለል በሆነው በረዶ ላይ ወፍራም የአጋዘን አጎዛ አነጠፈችላቸው። ሚኒስትሩ ተመቻችተው ተቀመጡና ሙቅ ቢሮ ውስጥ ያጠኑትን ንግግር ለቀቁት።

"ልማት አይፈራም! ግጦሹ የእናንተ፣ አጋዘኑ የእናንተ፣ ላይ ላዩ በሙሉ የእናንተ ነው። መንግሥት የሚወስደው ከሥር ያለውን ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይጎድልባችኋል? እስቲ ይሄ ይጎድልብናል የሚል ሰው ካለ ይነሣ!"

ባልቴቲቱ ብድግ ብላ ወደ ሚኒስትሩ ሄደች፤ የአጎዛውን ጫፍ ያዘችና አጋዘን ሲጎትት በኖረ ክንዷ ከሥራቸው መነጨቀችው። ሚኒስትሩ በረዶው ላይ በቂጣቸው ዘጭ አሉ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ቂጤ ደነዘዘ እኮ!" ብለው ጮኹ።

ባልቴቲቱ አጎዛዋን ጠቅልላ ብብቷ ሥር እየወሸቀች፣ "ምን ጎደለብዎ ጌታዬ?" አለቻቸው። "ባርኔጣዎ እንዳለ ነው፤ ካፖርትዎ እንዳለ ነው፤ ኒሻንዎንም የነካብዎ የለም። እኔ የወሰድኩት ከሥር ያለውን ብቻ ነው።"