በጉንጭ የተደበቀ ጥጥ

አንድ ስመ ጥር የእህል ነጋዴ ነበር፤ አቶ ደምሴ ይባላል። ከቀኝ ዓይኑ ጀርባ ካንሰር በቀለበት። ሐኪሞች በቢላዋ ከነኩት ዓይኑ እንደሚጠፋ ስለፈሩ በጨረር ወደሚታከምበት አንድ ትልቅ ቤት ላኩት። በዚያ ቤት ለዓይን የማትታይ ቅንጣት በብረት ቀለበት ውስጥ እየዞረች ወደ ብርሃን ፍጥነት እስክትጠጋ ትሮጣለች። ጠዋት ጠዋት ሕሙማን ይታከሙባታል፤ ከሰዓት በኋላ ሊቃውንቱ የቁስ አካልን ምስጢር ይመረምሩባታል። ደግነቷ ሥጋ ውስጥ ገብታ በታዘዘችበት ቦታ መቆሟ ነው፤ ኃይሏን የምታራግፈውም እዚያው ነው።

የቤቱ ሐኪም ዶክተር ፍሬሕይወት በፊቱ ልክ ጭምብል አሠራችለት፤ ጭንቅላቱን ከአልጋው ጋር አጥብቆ የሚይዝ ነው። "በእጢውና በዓይንዎ ነርቭ መካከል የጤፍ ፍሬ የምታህል ቦታ ናት ያለችው" አለችው። "ስለዚህ አይክሱብኝ። ከከሱ ጭምብሉ ይላላል፤ ጨረሩም ነርቩን ሊነካው ይችላል። ከላላ ይንገሩኝ።"

ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባቱ ሕመምተኛ መሆኑን አይተው እንዲበላ ፈቅደውለት ነበር። አቶ ደምሴ ግን ከካንሰሩ ይልቅ "ለሆዱ ብሎ ጾም ሻረ" መባልን ፈራ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ እየዋለ ፊቱ ምጥጥ አለ፤ ጭምብሉም ላላ። ይህን ሲያውቅ አንድ ብልሃት አመጣ፤ ጠዋት ጠዋት በሁለቱም ጉንጩ ጥጥ እየጎሰጎሰ መምጣት ጀመረ። ጭምብሉ ተስማምቶት እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ጥጥ በሞላው አፉ "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል።

ጨረሩ ከመለቀቁ በፊት ሁልጊዜ ምስል ይነሳል። ምስሉ ላይ ጭንቅላቱ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ተገኘ። አስተካከሉት፤ በማግስቱም ያው ሆነ። ዶክተር ፍሬሕይወት ደግማ ጠየቀችው፤ ያንኑ መለሰላት። የተከበረ ሰው ቃል መጠራጠር ነውር መስሏት ብረቱን ተጠራጠረች። ማሽኑ ቆመ። መሐንዲሶች ቀለበቱን ከፍተው የሌለ ጥፋት ይፈልጉ ጀመር፤ የሊቃውንቱ ምርምር ተቋረጠ፤ ሕሙማኑም ኮሪደር ላይ ተደርድረው ቀን መቁጠር ያዙ።

ከአቶ ደምሴ ጎን የተቀመጠችው ከቆላ የመጣች ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ሕክምናው ከተቋረጠ በሽታው ትንፋሽ እንደሚያገኝ ለእሷም ተነግሯታል። ስታጫውተው ቆይታ እንዲህ አለችው፦

"ማሽኑ ነው አሉ የዋሸው። ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ወድቄ እውነቱን እንዲያወጣ እለምነው ነበር። ብረትን ምን ብዬ ልለምን ወንድሜ?"

አቶ ደምሴ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ጥጡን መዳፉ ላይ ተፋና ወደ ሐኪሟ ክፍል ገብቶ ሁሉንም ነገራት። እሷም አልተቆጣችም።

"ማሽኑ የሚያምነው እኛ የነገርነውን ነው" አለችው፤ "እኛ ደግሞ እርስዎ የነገሩንን።"

ወይዘሮ ዘርፌ ያለ ሕክምና ያሳለፈቻቸው ቀናት ይካካሱ እንደሆነ ጠየቃት።

"እንሞክራለን። ይካካሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።"

ቀለበቱ ተገጥሞ ሥራ ሲጀምር ወይዘሮ ዘርፌ ቀድማ ገባች። እሱ አዲስ ጭምብል እስኪሠራለት ጠበቀ፤ እህልም ቀመሰ፤ በኋላም ዓይኑ ተረፈለት። ወይዘሮ ዘርፌን ግን ሕክምናዋን ጨርሳ ከሄደች ወዲህ አላያትም። ድና ይሁን ሳትድን ቀርታ የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ ከቆላ እህል ይዞ የሚመጣውን ሁሉ እስከ ዛሬ ይጠይቃል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አቶ ደምሴ ግን የራሱን በሽታ ሳይሆን የሌላ ሰው መድኃኒት ነው የደበቀው። የሰው ልጅ ዕውቀት የቱንም ያህል ቢራቀቅ መሠረቱ የሰው ቃል ነው፤ ቃሉ ከተዛባ የሚጎዳውም ተናጋሪው ብቻ አይደለም። እኛስ ላለመታማት ብለን በጉንጫችን የያዝነው ነገር የማንን ተራ አስቁሞ ይሆን?