የሦስት አገር ላፕቶፕና የአንዲት እናት ምርቃት

በአንድ ወቅት ሦስት ልጆች እናታቸውን በደሉ። አልሰደቧት፣ አላስራቧት፣ ደጅ አልጣሏት። የበደሏት ሲመርጡላት ነው።

ስማቸውን ልንገራችሁ፤ ስም ሳይዙ መፍረድ ሐሜት ይሆናል። ታላቁ ልዑልሰገድ ዱባይ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳል። መካከለኛዋ የሺመቤት ጀርመን አገር አዛውንት ትጦራለች። ታናሹ ምንተስኖት ደሴ ከእናቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል፤ ባጃጅ ይነዳል። እናታቸው አሰገደች ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። ዳኛው ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ጽፋ ትጨርስ ነበር ይሏታል። ሰው ማጋነን ይወዳል፤ ጣቶቿ ግን በእርግጥም ፈጣን ነበሩ፤ ቀድሞ በታይፕ፣ ኋላም በኮምፒዩተር።

አንድ ጠባይ ነበራት። ምርቃቷን ትቆጥባለች። ልጆቿ ሲሄዱም ሲመጡም «መርቂን እንጂ እማዬ» ሲሏት «ምርቃት እንደ ጨው በየወጡ አይነሰነስም። መሄጃዬ ሲደርስ እመርቃችኋለሁ» ትላቸዋለች። እነሱም ስቀው ይተዉታል። በወሎ ምድር ያለ እናት ምርቃት የቀረ ልጅ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቃል፤ ሀብት ቢከመርለት እንኳ እንደ ራቁቱ ነው የሚቆጠረው።

ይህች ሴት ታመመች። በመስከረም ሐኪሙ ምንተስኖትን ወደ ጎን ጠርቶ እውነቱን ነገረው።

«ነርቭ የሚያደርቅ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም። መጀመሪያ አንደበቷ ይሄዳል፤ እጇ ይከተላል። በመካከሉ ጥቂት ወራት ታገኛላችሁ። ላፕቶፕ ግዙላትና በእሱ ትናገር። እስክሪብቶ መጨበጥ ያቅታታል፤ ቁልፍ መጫን ግን ትችላለች።»

«ስልክስ አይሆንም?»

«ጣቷ ይንቀጠቀጣል። በስልክ አንዱን ፊደል ስትፈልግ ሦስቱን ትነካለች። ሰፋ ያለ ቁልፍ ነው የሚያስፈልጋት። ቶሎ በሉ።»

ቶሎ በሉ ነው ያለው። ይህን ያዙልኝ።

ልጆቹ እንደ ዘመኑ ደንብ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ተሰበሰቡ። በላፕቶፑ ዓይነት አልተጣሉም፤ ስሙም፣ ቁጥሩም፣ ቀለሙም በአንድ ቀን ተቆረጠ። የተጣሉት ከየት አገር ይገዛ በሚለው ነው።

«እኛ ጋ በግማሽ ዋጋ ነው» አለ ልዑልሰገድ።

«ግማሽ ዋጋ ግማሽ ዕቃ ነው» አለች የሺመቤት። «እዚህ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው።»

«ሲበላሽባት ዋስትናሽን ይዛ ጀርመን ትምጣልሽ?»

«አንተስ ዐረብኛ የተጻፈበት ኪቦርድ ልትልክላት አይደል! እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው ዐረብኛ የምትጽፈው?»

«ከእናንተው ከጀርመኖቹ ኪቦርድ ይሻላል። ዘ ስትነኪ የ የሚመጣበት ጉድ!»

ምንተስኖት አንዴ ብቻ ገባ። «እዚህ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ያው ራሱ አለ። ነገ ላመጣው እችላለሁ።»

ሁለቱም በአንድ አፍ ወረዱበት። «ማን ከፍቶ የዘጋው እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ዝም በል አንተ፤ ትሸወዳለህ።»

ዝም አለ። የሚከፍሉት እነሱ ናቸዋ። ከፋይ ሲነጋገር ተቀባይ አፉን ይይዛል።

ጥቅምት በዋጋ አለቀ። ኅዳር በዋስትና አለቀ። የሺመቤት «ለፈረንጅ ገና ቅናሽ አለ፤ ትንሽ እንታገሥ» ብላ አንድ ወር ጨመረች። ልዑልሰገድ ደግሞ «የሚመጣ ሰው ልፈልግ፤ በፖስታ ከላክነው ቀረጡ ይበላናል» ብሎ በላዩ ላይ ሳምንታት ደረበ። አሰገደች እዚያው አልጋዋ ላይ ሆና ከልጇ ስልክ የሚወጣውን የድምፅ መልእክት ሁሉ ትሰማለች። አንድ ቀን ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ምንተስኖት አይቶ ብርድ ልብሷን አስተካከለላትና «አትድከሚ እማዬ። እየተመረጠልሽ ነው» አላት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እየተባባሉ ነበር የሚመርጡት። ያልቸኮለችውስ? እሷ እኮ የምትለቅመውም አላገኘች።

በዚህ መካከል ከእናትየዋ አፍ ስሞች አንድ በአንድ ይወድቁ ነበር። መጀመሪያ የወደቀው «ልዑልሰገድ» ነው፤ ረጅም ነውና ምላሷ አልሸከም አለው። ቀጥሎ «የሺመቤት» ሄደ። ታናሹን «ምን» ብቻ እያለች ጥቂት ቆየች፤ የኛ ገና ሲደርስ እሱም ተከተለ። በጥምቀት ሰሞን ከአፏ የሚወጣው ትንፋሽና ምራቅ ብቻ ሆነ። ቀኝ እጇ የሌላ ሰው ይመስል ጎኗ ላይ ተኛ።

ምንተስኖት ቪዲዮ ቀርጾ አንድ ቃል ሳይጨምር ግሩፑ ላይ ለቀቀው። አፏን ትከፍታለች፤ ድምፅ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ያነሳ ሰው አልተገኘም።

ልዑልሰገድ ያንኑ ዕለት ገዛ። አለቃው ፈቃድ ስለከለከለው ራሱ መምጣት አልቻለም። አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ወረፋ የያዙትን አበሾች ለመነ። ዘጠኝ ሰው እንቢ አለው፤ የማያውቁትን ሰው ዕቃ ይዞ መሳፈር የሚፈራ ነገር ነው። አሥረኛዋ ሴት ዕንባውን አይታ ተቀበለችው። በአራተኛው ቀን ላፕቶፑ ደሴ ገባ። ሦስት እግር ያለው ሶኬቱ ለግድግዳው አልሆን አለ። ማስማሚያ አዳፕተር ተገዛለት፤ ሲሰካ ብልጭ አለና ቻርጀሩ ነደደ። ላፕቶፑ ግን ከዱባይ ሞልቶ የመጣ ባትሪ ነበረውና በራ። አሰገደች ሁለት ዓይነት ፊደል የታተመባቸውን ቁልፎች ረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ በግራ እጇ ጻፈች። ከስንት ሳምንት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ምን መሰላችሁ? «ጠማኝ።» አጥሚት ሲግቷት ከርመዋል፤ ለካ ውኃ ነበር የፈለገችው። ምንተስኖት እየሮጠ አመጣላት። ከንፈሯ ግን ውኃውን አልያዘውም፤ በአገጯ ወርዶ ቁልፎቹ ላይ ፈሰሰ። ቁልፎቹ ሞቱ።

ምንተስኖት ያን ጊዜ ማንንም አላማከረም። ባጃጁን ሸጠ። እንጀራው እሱ ነበር፤ ከእሱ በቀር ቢሸጥ የሚያወጣ ነገር የለውም። ፒያሳ ወርዶ ያንኑ ላፕቶፕ ገዝቶ መጣ። ቁልፎቹ እናቱ ፍርድ ቤት ከለመደቻቸው ጋር አንድ ናቸው። ጣቷን ስታሳርፍባቸው ፊቷ ፈካ፤ ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር። ግን ታላላቆቹ የፈሩት ደረሰ። ውስጡ የተጠጋገነ ኖሯል። አሥር ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ፤ ዳግመኛ አልበራም። ተሸክሞት ሱቁ ሲመለስ ሻጩ ጥርሱን እየፋቀ «እኔ የሸጥኩልህ ሲበራ ነው» አለው።

የሺመቤት ይህን ስትሰማ ሥራ ላይ ነበረች። የምታጥባቸውን ሽማግሌ አድርቃ፣ አልብሳ፣ ወንበራቸው ላይ አስቀምጣ፣ የበሩን ቁልፍ ለአለቃዋ አስረከበች። ሥራውን ጣለችው። ከሥራው ጋር የመኖሪያ ወረቀቷም እንደሚሄድ ታውቃለች፤ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ነው። ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ ገዝታ፣ ደረቷ ላይ ታቅፋ ደሴ ገባች። ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ ልክክ አለ። እናትየዋ ግን ልትጽፍ ስትል፣ ዘ ስትነካ የ እየመጣ ፊደሉ ተምታታባት። ያን ጊዜ የግራ እጇ አመልካች ጣት ብቻ ነበረች የቀረቻት። አንዷን ቃል አምስት ጊዜ ጻፈች፣ አምስት ጊዜ ደለዘች። በስድስተኛው ዓይኗን ጨፈነች። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድም ተሞከረ፤ አንገቷ ስለማይዞር ቁልፉንና ስክሪኑን ባንድ ላይ ማየት አልቻለችም።

ሦስት ላፕቶፕ በአንድ ቤት፤ የምትናገርበት ግን የላትም።

ምንተስኖት ዑስማን የሚባል ጠጋኝ ቤት ድረስ ጠራ። ዑስማን ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ጀርባቸውን ፈታታና ሳቀ። «እነዚህ እኮ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ናቸው። ያንዷ ለሌላዋ ይሆናል። የጀርመኗ ብቻ የኪቦርዷ ማቀፊያ ስለሚለይ የሌላ ቁልፍ አይገባባትም፤ ከእሷ ቻርጀሩን ነው የምወስደው። ገላዋን ከዱባይዋ። ቁልፎቿን ደግሞ ከዚች ከተሸወዳችሁባት።»

ከሦስቱ አንዷን ሠራት። ሰካት። በራች። መፍቻዎቹን እየሰበሰበ «በመስከረም ጠርታችሁኝ ቢሆን ከአንዲት አሮጌ ላይ ይህንኑ እሠራላችሁ ነበር» አለ። ክፋት ኖሮት አልነበረም። የሺመቤት ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

እየተመላለሰች የምታያት ነርስ ጣቷን ዳብሳ «ይህች ጣት ሰንበትን አትሻገርም፤ የምትነጋገሩት ካለ ዛሬ ነገ አትበሉ» ብላ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ከአልጋው ዙሪያ ተቀመጡ። ልዑልሰገድ በስልክ ነው፤ ትራስ አስደግፈው አቆሙት። «እማዬ፣ መርቂን» አሉ። ይህን ብለው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? አላሉም።

«ገላው የእኔ ነው» አለ ልዑልሰገድ። «ከሁላችሁም ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጠማኝ ያለችው በእኔ ነው።»

«ገላ ብቻውን ሬሳ ነው» አለች የሺመቤት። «ነፍስ የዘራበት የእኔ ቻርጀር ነው። አንተ ዕቃ ላክህ፤ እኔ ራሴን አመጣሁ። መመለሻዬን አቃጥዬ ነው የመጣሁት።»

ምንተስኖት የእናቱን አገጭ እየጠረገ ነበር። «ነፍስ ያለው ገላ ያለ ፊደል ምን ይናገራል እቴቴ? ማቃሰት ነው። ደግሞ እናንተ መጣን ትላላችሁ፤ እኔ መቼ ሄድኩና?»

«አንተ ዝም ባትል ኖሮ በመስከረም ይገዛ ነበር» አለ ልዑልሰገድ።

«ዝም በል ያለኝ ማን ሆነና ጋሼ?»

«ለገና ቅናሽ አለ ያለውስ?» አለ ስልኩ።

የሺመቤት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እንግዲህ በሚዛን አስቀምጧቸው። ታላቁ ክርክሩን የጀመረ እሱ ነው፤ ቀድሞ የደረሰም እሱ ነው። መካከለኛዋ አራዘመችው፤ ኑሮዋን ጥላ የመጣችም እሷው ናት። ታናሹ የእናቱን ቃል ሊያተርፍበት የሚችለውን ቀን በዝምታ አሳለፈ፤ እንጀራውን የሸጠም፣ አልጋዋን ሲያነጥፍና ሲያነሳ የከረመም እሱ ነው። አንዱን ወቀሳ ስታነሱ ሌላው ብድግ ይላል።

አሰገደች ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ጣቷን አንቀሳቀሰች። ልጆቹ እንዳያስጨንቋት ከስክሪኑ ኋላ ዞሩ። አንዷን ፊደል እስክታገኝ አንድ «አባታችን ሆይ» ተደግሞ ያልቃል። ከጠዋት ጀምራ ቀትር ሲሆን ጨረሰች፤ እንደ ሥራ ልማዷም የነጥብና የጥያቄ ምልክቱን በየቦታው አኑራለች። ስለዚህ ሳትጨርስ ደከማት የሚል እንዳይመጣብኝ።

የሺመቤት ጮክ ብላ አነበበችው። «አሜን» ሊል የተዘጋጀ አፍ ሁሉ ተከፍቶ ቀረ። እናትየዋ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ መልስ ጠበቀች። ያን ቀን ጠበቀች፤ ነገውንም ጠበቀች። «የእኔን» የሚል ጠፋ፤ «የእሱን»፣ «የእሷን» የሚልም ጠፋ። እሁድ ጣቷ ቀዘቀዘች። ከሳምንት በኋላ ሌላው አካሏ ተከተለ።

ጥያቄዋ ያለ መልስ ተቀብሯል። መላሾቹ እናንተ ናችሁ፤ ተከራከሩበት። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን በአንድ ጣት የጻፈችውን ቃሉን ሳላጎድል እነሆ፦

«ልጆቼ፤ በመስከረም አፍም እጅም ነበረኝ። የቱ ይሻልሻል ብሎ የጠየቀኝ የለም። የቀረኝ ጉልበት ለአንድ ስም ብቻ ይበቃል፤ የምመርቀውም እሱኑ ነው። ገላ የሰጠኝ አለ፤ ነፍስ የሰጠኝ አለ፤ ፊደል የሰጠኝ አለ። የማንን ስም ልጻፍ?»