የእድሩ ጡሩምባና የበዓሉ ገመድ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኝ። ጆሯችሁ ክፍት ነው? «ክፍት ነው» በሉኝ። እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ እንስሳት ዱሩን ትተው ከተማ በመሠረቱበት ዘመን፣ በአንዲት ከተማ መሐል አንድ ሰፊ ጎዳና ነበረ። ከጎዳናው ወዲህ እመት ባዘቶ የምትባል በግ ትኖር ነበር። ከጎዳናው ወዲያ ደግሞ አዋላጇ እመት ጦጣ ትኖር ነበር። የጦጣ እጇ ቀጭን፣ ጣቷ ረጅም ነው። በዚያች ከተማ ጥጃም ይሁን ውርንጭላ፣ ተጣሞ የመጣውን ሁሉ አቅንታ የምታወጣው እሷ ነበረች።

የእመት ባዘቶ ጎረቤት አያ ዳለቻ የሚባል አህያ ነበር። የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ እሱ ነው። ጡሩምባው ከቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። አንዱ ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል፣ ምጥ ሲጠና አያ ዳለቻ አውርዶ ይነፋዋል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ጡሩምባውም «እኔ የማውቀው አንድ ቃል ነው፤ እሱም ‹ኑ› የሚል ነው» ይል ነበር።

ያቺ ከተማ ክረምቱ ሲወጣ የጎዳና በዓል ታከብር ነበር። በዓሉ ለእንግዳ ደስ ይላል። እዚያው ለሚኖር ግን ሌላ ነው። ዶሮዎች እንቁላል መጣል ያቆማሉ። ንብ ወደ ቀፎዋ መግቢያ ታጣለች። ከየመንደሩ የመጡ ውሾች በየአጥሩ ሥር እግራቸውን ያነሳሉ። ያማረረ ቢኖር መልሱ አንድ ነው።

«ለዛሬ ብቻ ነው!»

አንድ ዓመት የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ ዝንጀሮ ከቤት ቤት እየዞረ መዋጮ ጠየቀ። በሬ የሟች አጎቱን ቆዳ ሰጠ፤ ከበሮ ተሠራበት። እመት ባዘቶ ተሸልታ ጠጉሯን ሰጠች፤ ጎዳናው የሚዘጋበት ገመድ ተገመደበት። ለከተማው ነዋሪ ሁሉ ደግሞ የቆርቆሮ ጡሩምባ ታደለ።

«ሁሉም ከነፋ የእኔን ድምፅ ማን ይለየዋል?» አለ የእድሩ ጡሩምባ።

«አትቅና እንጂ» አለው አያ ዳለቻ እየሳቀ። «ለዛሬ ብቻ ነው።»

በበዓሉ ዕለት ረፋድ ላይ እመት ባዘቶን ምጥ ያዛት። ግልገሉ ተጣሞ መጣ። አንድ እግሩ ወጣ፤ ሌላው ቀረ።

«አያ ዳለቻ፣ ጦጣን ጥራልኝ» አለች። «ልጄ ሊታፈንብኝ ነው። ቶሎ ካልደረሰች አበቃለት።»

አያ ዳለቻ ጡሩምባውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሮጠ። ጎዳናው ዳር ሲደርስ ገመዱ ተወጥሮ ጠበቀው። ከገመዱ ጀርባ ሕዝቡ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል።

«ዝቅ በልልኝ፣ ከማዶ አዋላጅ ልጠራ ነው!»

«ለማን?» አለ ገመዱ።

«ለእመት ባዘቶ።»

«ውይ! እኔ እኮ ከእሷ ጠጉር ነው የተገመድኩት። እናቴ ማለት ናት። ማርያም በሽልም ታውጣት በልልኝ።»

«እሺ፣ እሱን እልልሃለሁ። አሁን ዝቅ በል።»

«እሱማ አይሆንም። ለአንዱ ዝቅ ካልኩ ለሁሉም መተኛቴ ነው። ዞረህ ሂድ።»

«ዞሬ እስክመጣ ልጁ ያልቅለታል!»

«ምን ላድርግህ? ለዛሬ ብቻ ነው።»

አያ ዳለቻ ቀና ሲል እመት ጦጣን ከማዶ ሰገነቷ ላይ ቆማ አያት። ጮኸ፤ አልሰማችውም። ከበሮው ይደልቃል። ወደ ከበሮው ዞረ።

«ከበሮ፣ እባክህ ትንሽ ዝም በል! ከዚሁ ሆኜ ልጥራት።»

«ዱም! ምን አልክ?»

«ዝም በል አልኩህ!»

«ዱም! አልተሰማኝም!»

«የእመት ባዘቶ ልጅ ሊሞት ነው!»

«ዱም! ስለ ሞት ለእኔ ትነግረኛለህ? እኔ ሞቼ አይደል እንዲህ የምጨፍረው! ተወው ባክህ፣ ለዛሬ ብቻ ነው!»

የቀረው ጡሩምባው ነበር። አያ ዳለቻ አፉ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋው።

«ኑ!» አለ ጡሩምባው።

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ። «ድገመው!»

ደግሞ ነፋ።

«ኑ!»

«አያ ዳለቻ፣ እንዲህ ትችላለህ እንዴ?» አለ ጋሼ ዝንጀሮ። የአበባ ጉንጉን አምጥቶም አንገቱ ላይ ጣለለት።

ለሦስተኛ ጊዜ ነፋ። የከተማው የቆርቆሮ ጡሩምባ ሁሉ አብሮት ጮኸ። እመት ጦጣም ከሰገነቷ ላይ ሆና፣ እንደ ፊተኞቹ ሁለት ጊዜያት ሁሉ፣ አሁንም አጨበጨበች። መሐረቧንም አውለበለበች።

ሕዝቡ «ድገመው!» እያለ አያ ዳለቻን ከብቦ ስለያዘው ዞሮ መሄድም አልቻለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገመዱ ተፈታ። አያ ዳለቻ ተሻግሮ ሲነግራት እመት ጦጣ እየተንደረደረች መጣች። በቀጭን እጇ እናቲቱን አተረፈች። ግልገሉ ግን በድን ሆኖ ወጣ።

እመት ጦጣ እጇን እየታጠበች «ለምን አልጠራኸኝም?» አለች።

አያ ዳለቻ የአበባ ጉንጉኑን አንገቱ ላይ እንዳደረገ መሬት መሬት አየ። የመለሰላት ጡሩምባው ነው።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ» አለ። «ሦስት ጊዜ አጨበጨብሽ።»

እመት ባዘቶ ከተኛችበት ቀና ሳትል «ጠጉሬን መልሱልኝ» አለች። «ልጄን ልጠቅልልበት።»

ገመዱ መጣ። በራሱ ፈቃድ ተፈታታና ጠጉር ሆነ።

በማግስቱ ጡሩምባው ለቀብር ተነፋ። ግማሹ ከተማ በዓሉ የቀጠለ መስሎት እያጨበጨበ ወጣ። ከእመት ባዘቶ በር ሲደርስ እጁን አወረደ።

በዓሉ ግን አልቀረም፤ በዓል ምን ሲደረግ ይቀራል? በዓመቱም ተከበረ። የቆርቆሮ ጡሩምባ ግን አልታደለም። በአዲሱ ገመድ መሐልም አህያ የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ተተወ። እመት ጦጣ ከዚያ ወዲህ በበዓል ቀን ሰገነት ላይ አትወጣም። እዚያች ክፍት ቦታ ላይ ጆሮዋን አቁማ ትውላለች።

«ምን ይገትርሻል? ነይ እንጨፍር እንጂ፣ ለዛሬ ብቻ እኮ ነው» ይሏታል እንግዶች።

«ያ ልጅም የነበረው ዛሬ ብቻ ነበር» ትላለች።

ስለዚህ እልልታ መንገድ ሲዘጋ፣ እሪታ ዘፈን ይመስላል።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ መንገዱን ልቀቁልኝ።