ሁለቱም ያሸነፉበት ድርድር

የወረዳው አስተዳዳሪ አቶ መንክር የድርድርና የሽምግልና ሥልጠና ወስደው ሲመለሱ፣ የምስክር ወረቀታቸውን በመስተዋት አስገጥመው ከወንበራቸው በላይ ሰቀሉት። ከተቃዋሚው ፓርቲ ሊቀመንበር ጋር በተጋቡት እልህ ግን ገበያው ከተዘጋ ወር አልፎታል።

ጋቢው ሳይሸጥ የተከመረበት አንድ ሸማኔ፣ "እባክዎ ይታረቁልን" ሊል መጣ። አስተዳዳሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘመናዊ ድርድር ማለት ሁለቱም ወገን የሚያሸንፍበት ነው። ሰውየው ወንበሩን ይልቀቅና በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እኔ ደግሞ ይቅር እለዋለሁ። ሂድና አስማማን! ባዶ እጅህን ከተመለስክ የሱ ወገን ነህ ብዬ አስርሃለሁ።"

ሸማኔው ሄደ። ለካ ሊቀመንበሩም እዚያው ሥልጠና ላይ ነበሩ። ያንኑ ቃል በቃል ደገሙለት፤ ወንበር የሚለቁት ግን አቶ መንክር ናቸው።

በማግስቱ ተመለሰ።

"እህ፣ ተስማማ?" አሉት አስተዳዳሪው።

"እንዴታ፣ ክቡር አስተዳዳሪ! እሳቸውም የሚሉት ልክ እርስዎ ያሉትን ነው። እሳቸው እርስዎ እንዳሉት ወንበራቸውን ይለቃሉ፣ እርስዎም እሳቸው እንዳሉት ይለቃሉ፤ ይቅርታውንም ሁለታችሁም ትጠይቃላችሁ። ይኸው ሥልጠናው እንዳለው ሁለታችሁም አሸነፋችሁ። እኛማ ሳንሠለጥን አሸነፍን!"